ሻንጣዎ ማን ቤት ይደር?

በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለዎት። ትምህርትዎን ጨርሰው፣ ከጓንግዡም ይሁን ከሃይደራባድ ወይም ከአምስተርዳም ተነስተው ቦሌ አርፈዋል። አየር መንገዱ የፈቀደልዎትን ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ እስከ አፋቸው ሞልተዋል፤ ሦስተኛውን፣ የእጅ ሻንጣ የተባለውን፣ ሚዛን አጠገብ ሲደርሱ ባዶ እንዲመስል ፈገግ ብለው ነው ያሳለፉት። አሁን ወደ ትውልድ ቀዬዎ፣ ወደ ጋይንት፣ ወደ ስማዳ ወይም ወደ እስቴ ሊገቡ ነው። ባዕድ አገር ሳሉ የቀሰሙት አንድ ጥበብ ደግሞ አለ፤ ብልህ ተጓዥ ትርፍ ዕቃውን አንድ ቦታ ያስቀምጥና አንዲት ቦርሳ በጀርባው አንግቶ ቀለል ብሎ ይሄዳል። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ይህ ምክር የተጻፈው «አንድ ቦታ» የተባለው ስፍራ የት እንደሆነ ግራ ለገባቸው ነው።

ፈረንጅ አገር ነገሩ ቀላል ነው። ባቡር ጣቢያው ውስጥ የብረት ሳጥን በተርታ ቆሟል፤ ይከፍላሉ፣ ይከታሉ፣ ይቆልፋሉ፣ ይሄዳሉ። ሳጥኑ «ምነው ከሳህ?» አይልም። ሲመለሱም የት እንደከረሙ አይጠይቅም። የእኛም ሆቴሎች ቢሆኑ እንግዳ መቀበያው ጀርባ ለሻንጣ የሚሆን ጥግ አያጡም። ግን አዲስ አበባ አክስት እያለችዎት ሻንጣዎ ሆቴል ማደሩ ከተሰማ፣ መሰማቱም አይቀርም፣ ነገሩ ከሻንጣ ወጥቶ የዘመድ ቅሬታ ይሆናል። ሽማግሌ ይቀመጥበታል። ከታረቁ በኋላም በየሠርጉና በየተዝካሩ ይነሳል።

ስለዚህ ሻንጣው አክስትዎ ቤት ይገባል። ኪራይ የለውም፤ ነጻ ነው ማለት ግን አይደለም። ኮንዶሚኒየሙ አራተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም፣ 46 ኪሎውን የሚያወጡት እርስዎ ነዎት። «አክስቴ፣ ላስቀምጥና ልሂድ፣ መኪና ያመልጠኛል» ይላሉ። «ምን አልክ አንተ? እህል ሳትቀምስ?» ትላለች። ቡናው ይቆላል። አቦል ይቀዳል፣ ቶና ይከተላል፣ በረካ ሳይጠጡ መነሳት ነውር ነው። ጎረቤት ይጠራል። የዲግሪው ነገር ይነሳል፤ ምን እንደተማሩ ይጠየቃሉ፤ ሲያስረዱ «ታዲያ እሱ ሥራ አለው?» ይባላሉ። የማን ልጅ ለትዳር እንደደረሰች በነካ እጅ ይነገርዎታል። መኪናው ያመልጥዎታል፣ ያድራሉ። ለሻንጣ ማስቀመጫ አንድ ሙሉ ቀን ይመድቡ የምለው ለዚህ ነው፤ ሁለት አክስት ካለዎት ሁለት ቀን፤ ምክንያቱም ለአንዷ አደራ ሰጥተው ሌላዋን መዝለል አይቻልም፣ ቢያንስ አንድ ፌስታል እሷም ጋ መቀመጥ አለበት።

ከዚያ በኋላ ሻንጣው የራሱን ኑሮ ይጀምራል። መጀመሪያ አልጋ ሥር ይከርማል። ቤት ሲጠረግ ይወጣና ጥግ ይዞ ይቆማል። ከዚያ ዳንቴል ይለብሳል። ዳንቴል የለበሰ ሻንጣ የቤት ዕቃ ሆኗል፤ ቴሌቪዥኑም ላዩ ይቀመጣል፣ የጠፋው ሪሞትም እሱ ሥር ይገኛል፤ ልውሰደው ማለት ሳሎን ማፍረስ ነው። የውስጡ ጉዳይ ደግሞ ሌላ ነው። የአጎትዎ ልጅ የሥራ ቃለ መጠይቅ ይኖረዋል፣ ሸሚዝ ይጎድለዋል፣ ሻንጣው አጠገቡ ነው። በሠርግ ፎቶ ላይ በሌላ ሰው ገላ ቢያዩት የሚያምዎትን ልብስ ሻንጣው ውስጥ አይተዉ። ካዩትም «እንዴት ያምርብሃል!» ይበሉ።

ቁልፍ ላድርግበት ይሉ ይሆናል። ዘመድ ቤት የተቆለፈ ሻንጣ፣ ባለቤቱ አፉን ሳይከፍት የተሳደበው ስድብ ነው። ሳይቆለፍ ከቀረ ደግሞ ሸሚዙ ቃለ መጠይቅ ይሄዳል። መላው ይህ ነው፦ ይቆልፉትና ቁልፉን ለራሷ ለአክስትዎ ይስጧት፤ «አደራ» ይበሏት። በዚያች ቅጽበት ነገሩ ሁሉ ይገለበጣል። የአጎት ልጅ በራሱ ሸሚዝ ይፈተናል። እሷ ራሷ ብርድ ቢያንዘፈዝፋት ከውስጡ አንዲት ሻርፕ አትመዝም፤ ብድር የካደ ሰው እንኳ አደራ ለመብላት እጁ ይንቀጠቀጣል። እንከኑ አንድ ነው። ከጋይንት ሆነው ወንድምዎን ልከው አስመጣለሁ ቢሉ አይሰጠውም። በስልክ «እኔ ነኝ፣ ስጪው» ቢሏት «ድምፁስ ይመስላል» ትላለች። ባለቤቱ በእግሩ እስኪመጣ ሻንጣው ከነዳንቴሉ ይጠብቃል።

እዚያው በተማርኩበት አገር፣ ጓደኛዬ ምድር ቤት ትቼው ብመጣስ የሚሉ አሉ። እነዚህ ሰዎች ከመወሰናቸው በፊት የአገራችንን ልምድ ቢመለከቱ መልካም ነው። ሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር ያገኘውን ንብረት በ15 ዝሆኖችና ወደ 200 በሚጠጉ በቅሎዎች ጭኖ ሄደ። ደላንታ ሜዳ ላይ ጨረታ ሲደረግ ከገዢዎቹ መካከል የብሪቲሽ ሙዚየሙ ሪቻርድ ሆምስ ነበር። የአያያዙ ነገር አይነቀፍም። ለንደን ውስጥ በብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት፣ አብዛኞቹ የመቅደላ፣ በዝግ ክፍል ተቀምጠዋል፤ የሙዚየሙ ሠራተኞች እንኳ ገብተው አያዩአቸውም። ችግሩ መመለሻው ላይ ነው። በ2010 ዓ.ም. የቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም ከመቅደላው ዕቃ የያዘውን በረጅም ጊዜ ውሰት ሊሰጠን እንደሚችል አሳወቀ። ባለቤት የራሱን ሻንጣ እንዲዋስ ሲጋበዝ እኔ ሌላ አላውቅም፤ ያውም አደራ ብሎ ያልሰጠውን። በ2011 ዓ.ም. ከመቅደላ የተወሰደው የዐፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ከናሽናል አርሚ ሙዚየም ተመለሰ፤ 151 ዓመት መሆኑ ነው። ምድር ቤት የተዉት የሩዝ ማብሰያ በዚህ ፍጥነት መቼ እንደሚደርስዎ ራስዎ ያስሉት።

ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸውም በዕቃ ጉዳይ ምክር የሚወጣባቸው ሰው ናቸው፤ የእሳቸው ታሪክ ደግሞ በእኛው አገር የሆነ ነው። ከደብረ ታቦር አጠገብ ጋፋት ላይ በአውሮፓውያን ባለ እጆች ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ 7 ቶን ገደማ የሚመዝነውን መድፍ፣ ይዘው በጥቅምት 1860 ዓ.ም. መባቻ ተነሱ። ከኋላቸው ደብረ ታቦር ተቃጥላለች፤ የሚመለሱበት ቤት፣ ትርፉን የሚተዉበት ጓዳ የለም። በጋይንት በኩል ጨጨሆን ይዘው፣ መንገድ እየቀደዱ፣ ድንጋዩን ራሳቸው ጭምር እያነሱ፣ በመቶዎች የሚቆጠር ሰው መድፉን እየጎተተላቸው መቅደላ የደረሱት መጋቢት ላይ ነው። ዛሬ ቻይናዎች በደርግ ዘመን በሠሩት የወረታ–ወልድያ መንገድ ከደብረ ታቦር ጨጨሆ ለመድረስ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ መንገዱ ክፍት ሲሆን። ሴባስቶፖል ዛሬም መቅደላ ላይ ነው። እንግሊዞቹ ያን ሁሉ ሲያጋብሱ እሱን ትተውታል። እንግዲህ ማንም የማይነካው ሻንጣ ከፈለጉ ክብደቱን ወደ 7 ቶን ያድርሱት።

ቀለል ብሎ መሄድን ግን ከፈረንጅ ጓደኛዎ በፊት ጋይንትን ሊጠይቁ ይገባ ነበር። እዚያ ካሉት የቤተ ክርስቲያን ዜማ ትምህርት ቤቶች ቤተልሔም የድጓ፣ ዙር አምባ የዝማሬ መዋሥዕት ማስመስከሪያ ናቸው፤ ከጎጃም፣ ከወሎ፣ ከሸዋ ተማሪው ሲተምባቸው የኖረ ነው። ቤተሰቡ ፈልጎ እንዳያገኘው ሆን ብሎ ወንዝ ተሻግሮ፣ ዘመድ በሌለበት አገር ዓመታት የከረመ ሰው ውጭ አገር ተምሯል ካልተባለ፣ የእርስዎም ቪዛ ይመርመር። የጓዙ ዝርዝር አጭር ነው፦ ደበሎ፣ አኩፋዳ፣ ቅል፣ በትር። ደበሎው ሲዘንብ ካፖርት ነው፣ ሲመሽ ፍራሽም ብርድ ልብስም ይሆናል፤ ይህን ሁሉ የሚሠራ ጃኬት በተማሩበት ከተማ ስንት እንደሚሸጥ ያውቁታል። አኩፋዳው የለመነውን ቁራሽ ይይዛል። በትሩ ለውሻ ነው። በነገራችን ላይ ባለ ጎማ ሻንጣ ለውሻ መከላከያ አይሆንም፤ ጠጠር ላይ ሲንኳኳ ጭራሽ ከሩቅ ይጠራቸዋል። የተማሪው ትርፍ ዕቃ የት ይቀመጣል ቢሉ፣ ዜማው ጉሮሮው ውስጥ፣ ምልክቱ ልቡ ውስጥ ነው። ከባድ ነገር ቢኖረው የድጓው መጽሐፍ ነው፤ እሱንም ብዙዎቹ ብራና ዳምጠው፣ ቀለም በጥብጠው በእጃቸው የጻፉት ነው። የእርስዎ ሻንጣ ውስጥ የመመረቂያ ጽሑፍዎ በሦስት ጥራዝ አለ። ስንቱን ገጽ በቃልዎ ይወጡታል? ጥያቄ ነው፣ ነቀፋ አይደለም።

ይሁንና ይህን አርአያ መከተል ለእርስዎ አልተፈቀደም። እስቴ መካነ ኢየሱስ ወይም ስማዳ ወገዳ መናኸሪያ ሲወርዱ የሚቀበልዎት ሰው ፊትዎን ከማየቱ በፊት ዓይኑ ፖርቶመጋላው ላይ ነው፤ ረዳቱ ምን እንደሚያወርድ ይቆጥራል። አንዲት ቦርሳ ብቻ ከወረደች ወሬው ቤት ቀድሞዎት ይገባል። «ይኼን ያህል ዓመት ፈረንጅ አገር ከርሞ በአንዲት ኮሮጆ መጣ!» ማታ ላይ «ታስሮ ነበር አሉ» ይሆናል። በማግሥቱ ገበያ የወጣች ጎረቤት እናትዎን «አይዞሽ» ትላታለች፤ እናትዎ ስለ ምን እንደሆነ አታውቅም፣ ግን ታለቅሳለች። ስለዚህ በአንዲት ቦርሳ እሄዳለሁ ካሉ ውስጧ የእርስዎ የሚባል ነገር አይኑርባት። ለእናት ሹራብ፣ ለአባት የንባብ መነጽርና የእጅ ባትሪ፣ ለንስሐ አባት ጃንጥላ፣ ለታናሽ እህት ስልክ፤ ለማይዛመዱዎትም ሴትዮ የዓይን ጠብታ፣ ምክንያቱም «ከውጭ የመጣ መድኃኒት» የሚባል ነገር አለ። ቦታ ከጠበበ የራስዎን ካልሲ ያውጡ። በዚህ ስሌት አዲስ አበባ ዳንቴል ለብሶ የተቀመጠው ትርፍ ዕቃ ሲታይ፣ የእርስዎ ንብረት ሁሉ ሆኖ ይገኛል።

ጃኬቱን ብቻ እንዳይተዉት። ተመራቂ አብዛኛውን ጊዜ አገሩ የሚገባው ክረምት ላይ ነው። ከወረታ ወጥተው፣ ደብረ ታቦርን አልፈው፣ 4,120 ሜትር በሚደርሰው በጉና ትከሻ ስር ሲያልፉ ጉሙ መስኮቱ ላይ ይለጠፋል፤ ነፋስ መውጫ ራሷ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ሐምሌ ውስጥ በቲሸርት ነፋስ መውጫ የወረደን ሰው የተመለከቱ እናቶች ዲግሪው በምን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ወደ ስማዳ ቆላ የሚዘልቁ ከሆነ ደግሞ ያው ጃኬት ቁልቁል በወረዱ ቁጥር ሸክም ይሆንብዎታል፤ ለእሱም አስቀማጭ ያስፈልጋል። ደግነቱ እዚያም አክስት አይጠፋም።

በሞጣ በኩል ወደ እስቴ እሻገራለሁ ለሚሉ ደግሞ አጭር ማሳሰቢያ አለኝ። ዓባይ ላይ ያለው ሰባራ ድልድይ በጣሊያን ጊዜ ቅስቱ ከተቆረጠ ወዲህ ሰው ክፍተቱን የሚያልፈው ወዲያና ወዲህ ቆመው በሚጎትቱት ገመድ ተንጠልጥሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ኬን ፍራንዝ የተባለ አሜሪካዊ ይህን የሚያሳይ ፎቶ በናሽናል ጂኦግራፊክ መጽሔት አይቶ ነው ድልድዩን ለመጠገን የመጣው፤ የእግረኛ ድልድይ የሚሠራ ድርጅትም ከዚያ ተነስቶ አቋቋመ። በገመዱ ዘመን ባለ ጎማ ሻንጣ ይዞ ወንዙ ዳር የቆመ ተመራቂ ስለመኖሩ የሰማሁት የለም፤ ቢኖር ኖሮ ጎታቾቹ ዋጋ ይጨምሩበት ነበር።

የመልስ ጉዞው ነው እንግዲህ ምክር የማያድነው። ስጦታው ታድሎ ቦርሳዋ ባዶ ሆናለች፤ እርስዎም አሁንስ ቀለለኝ ብለው ያስባሉ። ማለዳ ሲነሱ ቦርሳዋ ሞልታለች። በሶ፣ ሽሮ፣ በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ ማር በጀሪካን፤ ከእሷ አጠገብ ደግሞ አፉ በሲባጎ የተሰፋ ማዳበሪያ ድንች ቆሟል። «እማዬ፣ ድንች አዲስ አበባም ይሸጣል» ማለት ዋጋ የለውም፤ «የጋይንት ነው?» ትላለች፣ ያበቃል። ግማሹ የእርስዎ እንኳ አይደለም። ያቺ ሻንጣዎን ያስቀመጠች አክስት ኪራይዋን የምትቀበለው አሁን ነው፤ የምትከፍለው እናትዎ ናት፤ የሚከፈለውም በቅቤ ነው። አንከራከርበትም። የምንችለው አሸካከሙን ማስተካከል ብቻ ነው፦ ክዳኑ ላይ ፌስታል ይደረግበት፣ በላዩ በገመድ ይጠበቅ፣ ቆሞ ይጓዝ፤ ከነፋስ መውጫ ብርድ ደርቆ የተነሳ ቅቤ ወረታ ሜዳ ሲደርስ ይቀልጣል። ሥሩም የመመረቂያ ጽሑፍዎ አይሁን።