የቬኒስ ደረጃ

ቬኒስን ያላየ ሁሉ «ጎዳናዋ ውኃ ነው» ሲባል ይሰማል። በዊልቸር የሄደባት ሰው ግን ውኃውን ልብም አይለውም፤ ለእሱ ጎዳናዋ ደረጃ ነው። ከተማዋ ከ400 በላይ ድልድዮች አሏት፤ በአብዛኞቹ ላይ በደረጃ ተወጥቶ በደረጃ ይወረዳል። ማዶ የሚታየው ቤተ ክርስቲያን ለእግረኛ ሁለት ደቂቃ ነው፤ ለዊልቸር ግን ወደ ኋላ ተመልሶ፣ ቫፖሬቶ የሚሉትን የውኃ አውቶቡስ ጠብቆ፣ ዙሪያ ጥምጥም ሄዶ ነው፤ ያውም ከተገኘ። እግሩን ያነክስ የነበረው እንግሊዛዊው ገጣሚ ባይረን እ.ኤ.አ. በ1818 የከተማዋን ትልቁን ቦይ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዋኝቶታል። ዋናተኛ ስለነበር ነው ይላሉ፤ እኔ ድልድዮቹን አይቶ ይመስለኛል።

ለምን እንዲህ ሆነ ሲባል መልሱ አንድ ነው፦ «ታሪካዊ ከተማ ናት፤ ቅርስ አይነካም።» ይህች ሰበብ እንደ ጋቢ ናት፤ የለበሳትን ሁሉ ትሸፍናለች። ታሪክ ከተጠራ ግን ታሪኩም ይጠየቅ። ጥንት የቬኒስ ድልድዮች ደረጃ የሌላቸው የእንጨት ርብራቦች ነበሩ፤ ፈረስ ይሻገርባቸው ነበር። የእኛው የዐፄ ዳዊት መልእክተኞች እ.ኤ.አ. በ1402 ነብሮች ይዘው ቬኒስ ደርሰዋል። ያኔ ፈረስ፣ ነብርና መልእክተኛ ያስተናገደች ከተማ ዛሬ አንድ ዊልቸር ሲመጣባት «ቅርስ» ትላለች።

ይሁን፤ የድሮውን እንተወው። አዲሱስ? ስሙ የገነነው ስፔናዊ አርክቴክት ሳንቲያጎ ካላትራቫ የነደፈው ድልድይ እ.ኤ.አ. በ2008 የአውቶቡሱን መናኸሪያ ከባቡር ጣቢያው ጋር አገናኝቶ ተከፈተ። ሻንጣ የሚጎትት መንገደኛ ሁሉ የሚያልፍበት ነው። ታዲያ በሃያ አንደኛው ክፍለ ዘመን ምን ተሠራበት? ደረጃ! ያውም የመስታወት። ሲዘንብ ጤነኛውንም ያንሸራትተው ጀመር፤ በዚህ በኩል እኩልነት ሰፈነ ማለት ይቻላል።

ዊልቸር መሻገሪያ ያገኘው ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ነው። እ.ኤ.አ. በ2013 ከድልድዩ ጎን በሐዲድ የምትሄድ እንቁላል መሰል ክፍል ተገጠመች። ወደ ሁለት ሚሊዮን ዩሮ የወጣባት ይህች እንቁላል እየተንፏቀቀች ትሄድ ነበር፤ በበጋ ውስጧ ያለውን ሰው ትቀቅል ነበር፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ጭራሽ አትሠራም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2020 ነቅለው ወሰዷት። አርክቴክቱ ከዚያ ቀደም ብሎ በድልድዩ ምክንያት 78,000 ዩሮ እንዲከፍል ተፈርዶበት ነበር፤ ድልድዩ ግን ከነደረጃው ቆሟል።

ችግሩ መላ አጥቶ እንዳይመስላችሁ። በየዓመቱ ጥቅምት ገደማ የቬኒስ ማራቶን ይካሄዳል፤ የእኛም ሯጮች አሸንፈውበታል። የመጨረሻዎቹ ኪሎ ሜትሮች ድልድይ በድልድይ ስለሆኑ፣ ሯጮቹ እንዳይቸገሩ በደረጃዎቹ ላይ መወጣጫ ይነጠፋል። አርባ ኪሎ ሜትር ሮጦ ለሚመጣ እግር! ሩጫው ካበቃ በኋላ መወጣጫዎቹ ለወራት ስለማይነሱ፣ ባለዊልቸር ከተማዋን የሚያየው በሯጮች ትራፊ ነው።

ይህን ሁሉ ያጫወተኝ ጣሊያን አገር የሚኖር ወዳጄ ነው። እሱ በዊልቸር፣ እኔ በእግሬ ሆነን እዚያው ቬኒስ አንድ ምግብ ቤት ገባን። አስተናጋጁ ሜኑውን ለእኔ ዘርግቶ «እሳቸውስ ምን ይበላሉ?» አለኝ። ጣሊያንኛ የሚያውቀው እሱ ነው፤ እኔ ከ«ግራትሲየ» አላልፍም። ወዳጄ ለሁለታችንም አዘዘ፤ ሂሳቡ ሲመጣ ግን ወደ እኔ ገፋው። አስተናጋጁን ማሳፈር አልፈለገም ነበር አሉ።

እኛም ከአስተናጋጁ አንሻልም። አንድ ድልድይ ሥር ቆመን ሳለ፣ ከጀርመን ለጉብኝት የመጡ ነጠላ ያጣፉ እናት አማርኛችንን ሰምተው ተጠጉን። ወዳጄን አዩት፤ የጠየቁት ግን እኔን ነው።

«ምን ሆኖ ነው፣ ልጄ?»

«ደረጃ ነው የያዘኝ፣ እማማ» አለ እሱ።

«ውይ በሞትኩት! እግዜር ይማርህ። ጠበል ሞክረሃል?»

«ይኸው ዙሪያዬን ውኃ ነው፣ እማማ፤ ምንም አልረዳኝ።»

«መድኃኒትስ የለውም?»

«አለው። ጥቅምት ላይ ለሯጮች ይሰጧቸዋል።»