በነፃ ከሰርኩ

እንደ ነፃ ነገር ውድ የለም። ያላመነኝ ለንደን ሄዶ ልጁ ዘንድ ይሰንብት። ገና ከአዲስ አበባ ሳይነሱ ለቪዛው ከ100 ፓውንድ በላይ ይከፈላል፤ ቢከለክሉም አይመልሱትም። የአውሮፕላኑን አላነሳም። የከፈለችው ልጄ ናት፤ ካነሳሁት እሷም ታነሳብኛለች። ይህ ሁሉ ከወጣ በኋላ ነው እንግዲህ «አባዬ፣ እዚህ አገር እኮ ሙዚየሙ ሁሉ ነፃ ነው!» ተብሎ የሚፈነጠዘው።

ዋሸች አልልም። ብሪቲሽ ሙዚየም እ.ኤ.አ. በ1759 ሲከፈት መግቢያው ነፃ ነበር፤ ዛሬም ነፃ ነው። ያስከፍሉ የነበሩት ትልልቅ የመንግሥት ሙዚየሞችም በ2001 ክፍያውን ትተውታል። ግን በሩን አልፈው ሲገቡ ይህን ያህል ቢለግሱን ደስ ይለናል የሚል የመስተዋት ሣጥን ፊትዎ ተገትሯል። እኔ ደግሞ ሙዳየ ምጽዋት ባየሁ ቁጥር እጄ ወደ ኪሴ የሚሄድ ሰው ነኝ፤ ያደግሁት እንዲያ ነው። ልጄ ክንዴን ለቀም አድርጋ «ግዴታ አይደለም፣ አባዬ» ትለኛለች። ግዴታ ካልሆነማ የባሰ ነው! ግዴታ ቢሆን ተከራክሬ አስቀንስ ነበር።

ይህም እዚያ ከተደረሰ ነው። የለንደን አውቶቡስ እ.ኤ.አ. ከ2014 ወዲህ ጥሬ ገንዘብ አይቀበልም። የገዛ ንጉሣቸው መልክ ያለበትን ገንዘብ ዘርግቼ ሹፌሩ ራሱን ይነቀንቅብኛል። ከ60 ዓመት በላይ የሆነ ሰው በነፃ ይሳፈራል ሲሉ ሰምቼ ዕድሜ ለካ እዚህ አገር ዋጋ አለው ብዬ ነበር፤ ለከተማው ነዋሪ ብቻ ነው አሉኝ። ጉልበቴ ነዋሪ ይሁን እንግዳ በምን ያውቃል? ሲያመው ያመዋል።

ከዚያ ሰልፍ፤ ከሰልፉ ቀጥሎ ፍተሻ። አንዱ በር ላይ በላስቲክ የቋጠርኩትን ቆሎ ፈታሹ በባትሪ እያበራ አገላበጠው፤ ሽምብራውን ከገብሱ ለይቶ ሊቆጥር ምንም አልቀረው። ዘግኜ ዘረጋሁለት። እጁን ወደ ኋላ ሸሸገ። አያችሁ አይደል? እኔ በነፃ ስሰጥ የሚቀበል የለም።

የልጄ የነፃ ዝርዝር ግን ማለቂያ የለውም። የቤተ መንግሥቱን ዘብ ቅያሬ እንይ ተብሎ ቆምን፤ ያየሁት የቱሪስት ማጅራትና ከማጅራቱ በላይ የሚንሳፈፍ የድብ ጠጉር ቆብ ነው። ናሽናል ጋለሪ ውስጥ ሕዝብ እየተጋፋ የሚያየው የቫን ጎግ ሥዕል ደግሞ ለካስ የፈረንጅ ሱፍ ኖሯል። ጾም ነበርና ሱፍ ፍትፍት አምሮኝ ተመለስኩ። በተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም አዳራሽ ጣሪያው ላይ 25 ሜትር የሚሆን የዓሣ ነባሪ አጽም ተንጠልጥሏል። የልጅ ልጄ «አባባ፣ አልደነቀህም?» ይለኛል። እሱስ ተንጠልጥሎ አርፏል፣ የቆምኩት እኔ ነኝ። ለመቀመጥ ሻይ ቤት መግባት ግድ ሆነ፤ ሻዩ ነፃ አይደለም። በዚያ ዋጋ እኛ ሰፈር ቡና ተፈልቶ፣ ፈንዲሻ ተበትኖ፣ ጎረቤት ሁሉ ተጠርቶ መልስ ይተርፋል።

ደግሞ ቤተ ክርስቲያን በቲኬት! ዌስትሚንስተር አቤይን ለመጎብኘት ይከፈላል፤ ለጸሎት የመጣ ግን አይከፍልም። እኔም ነጠላዬን መስቀለኛ አጣፍቼ ከቀኑ 11 ሰዓት ላይ ለሠርኩ ጸሎት ሰተት ብዬ ገባሁ። ዝማሬው መልካም ነው፤ ወንበርም አለው። ለንደን ውስጥ ነፃ ከተባለው ሁሉ ያመሰገንኩት ይህን ነው። ስንወጣ ልጄ «እዚህ እኮ ከመቅደላ የመጣ ታቦት አለ፤ አንዱ መንበር ውስጥ ነው» ብላ ምስጋናዬን አፌ ላይ አደረቀችው። የአቤዩ ሰዎች እ.ኤ.አ. በ2024፣ ቢመለስ ተገቢ ነው ብለው በመርህ ደረጃ ወስነዋል አሉ። መርህ ግን አገር አያደርስም።

ከዚያ በኋላ ነፃውን ሁሉ በሌላ ዓይን አየው ጀመር። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. ዓፄ ቴዎድሮስ መቅደላ ላይ ሲወድቁ የእንግሊዝ ጦር ያገኘውን ሰብስቦ ደላንታ ሜዳ ላይ በሐራጅ ተሻሻጠው። ብሪቲሽ ሙዚየም 11 ታቦታት አሉት፤ በዝግ ክፍል ናቸው፣ የራሱ ሠራተኞች እንኳ አያዩዋቸውም። ታቦት አለመታየቱስ ደግ ነው፤ ሥርዓታችን ነው። ግን ለማይታይ ነገር ሙዚየም ምን ያደርግለታል? ይህን ብጠይቅ እ.ኤ.አ. የ1963ቱ ሕጋቸው እንዳይመልሱ ያስራቸዋል ተባልኩ። ሲወስዱ ያሰራቸው ሕግ አልነበረም!

ቪክቶሪያና አልበርት የሚባለው ሙዚየም ደግሞ እቴጌ ምንትዋብ ለጎንደር ቁስቋም እንደሰጠችው የሚነገርለትን የወርቅ ዘውድ በመስተዋት ውስጥ ያሳያል። በነፃ! የራሴን ንብረት ስላላስከፈሉኝ ላመስግን? እ.ኤ.አ. በ2018 የሙዚየሙ ኃላፊ ለረጅም ጊዜ በብድር ልንሰጣችሁ እንችላለን ብለው ነበር። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባላል፤ የእኔዋ ላም ለንደን ናት፣ ወተቷን ሊያበድሩኝ ነው።

ከሁሉ የከፋኝ የዓፄ ቴዎድሮስ ልጅ የልዑል አለማየሁ ነገር ነው። የእናቱ ቀሚስ በዚያው በነፃው ሙዚየም ስብስብ ውስጥ ነው። በ7 ዓመቱ የተወሰደው እሱ ግን በ18 ዓመቱ እ.ኤ.አ. በ1879 ሞቶ ዊንድሰር ቤተ መንግሥት ግቢ ተቀበረ፤ ግቢውን ለመጎብኘት ትኬት ይቆረጣል። አጽሙ ይመለስ ሲባልም ቤተ መንግሥቱ በ2023 የሌሎችን ዕረፍት ያውካል ብሎ እምቢ አለ። እንግዲህ ዕቃችንን በነፃ፣ ልጃችንን በክፍያ ማለት ነው።

ማጓጓዣው ከብዷቸው ከሆነ ይንገሩን። ያን ጊዜ ከመቅደላ ለማውረድ 15 ዝሆንና 200 ያህል በቅሎ ነበር የፈጀባቸው። ዛሬ የእኛ አየር መንገድ ከለንደን አዲስ አበባ በቀጥታ ይበራል። ታቦታቱን ካህናቱ ይሸከማሉ። ለዘውዱ እኔ ከሁለቱ ሻንጣዎቼ አንዱን እለቃለሁ፤ 23 ኪሎ ይይዛል። ልጄ ለዘመድ አዝማድ የሞላችው ጃኬትና ጫማ ይቅር። ይህን አገልግሎት አላስከፍልም፤ በር ላይም ሣጥን አላስቀምጥም።