የገበያው አንደኛ

ከባሕር ማዶ፣ ከኦንታሪዮ ሐይቅ አጠገብ፣ አንድ ባለጸጋ ዝሆን ነበር አሉ። ካሜራውን በርካሽ ይሸጥና ትርፉን ከፊልሙ ይለቅማል። ፊልም ሲያልቅ አራዊቱ ሌላ ይገዛሉ፤ ያነሱትንም ከፍለው ያሳጥባሉ። ሠርግና ክርስትና በመጣ ቁጥር የዝሆኑ ጎተራ ይሞላል።

በ1975 እ.ኤ.አ. በጓዳው የምትሠራ ጦጣ ፊልም የማይጎርስ ካሜራ ሠራች። ከባድ ነው፤ አንዷን ፎቶ ለመመዝገብ 23 ሰከንድ ይፈጃል፤ ቀለም የሚባል አያውቅም።

«አያ ዝሆን፣ ይዩልኝማ።»

«ፊልም አይፈልግም ነው የምትዪው?»

«አይፈልግም ጌታዬ።»

«ጎበዝ ነሽ። በይ ለማንም እንዳትነግሪ።»

ዘመን አለፈ። ፀሐይ ከምትወጣበት ደሴት የመጡ ቀበሮዎች ፊልም አልባ ካሜራ ይዘው ገበያ ወጡ። ዝሆኑም ደንግጦ የራሱን ዘረጋ። እነሱ ዋጋ ሲቀንሱ ይቀንሳል፤ እሱ ሲቀንስ ደግሞ እነሱ ይብሳሉ።

ሒሳብ ያዡ ኤሊ ደብተሩን ይዞ መጣ። ኤሊ መቼም ዘግይቶ ነው የሚደርሰው።

«ጌታዬ፣ በአንዱ ካሜራ 60 ዶላር እንከስራለን።»

«ቀበሮዎቹስ ስንት ሸጡ?»

«ከእኛ ይበልጣሉ።»

«እንግዲያስ ዋጋ ቀንሱ!»

ተቀነሰ። ክሳራውን የሚሸፍነው የፊልሙ ጎተራ ነው። ካሜራው በተሸጠ ቁጥር ግን ፊልም የሚገዛው ያንሳል።

በ2005 እ.ኤ.አ. ዝሆኑ በአገሩ ገበያ አንደኛ ወጣ። ከበሮ ተመታ፣ ድንኳን ተጣለ። ኤሊ ጎተራው ወለሉ እየታየ መሆኑን ሊናገር አፉን ቢከፍት በእልልታ ተዋጠ። «በዓል አታበላሽ» አሉት።

በዚህ መሐል መልእክት የምታመላልሰው እርግብ በክንፏ ሥር ዓይን አበጀች። ወሬ ልታደርስ በሄደችበት ፎቶ አንስታ ትመለሳለች፤ ለፎቶው ዋጋ አትጠይቅም። አራዊቱ አንድ በአንድ ከገበያው ወጡ። ዝሆኑና ቀበሮዎቹ ግን ባዶውን ሜዳ በክንድ እየለኩ «ድንበሬን ገፋህ» ይባባሉ ነበር። ቀና ብሎ እርግቧን ያየ አልተገኘም። ኋላ ያዩዋት ቀበሮዎችም አንዳንዶቹ ሱቃቸውን ሸጠው ሄዱ።

በጃንዋሪ 2012 እ.ኤ.አ. ዝሆኑ «አበዳሪዎቼን ያዙልኝ» ብሎ ዳኛ ፊት ቀረበ። በቀጣዩ ወር የዲጂታል ካሜራ ሥራውን እንደሚያቆም አስታወቀ።