ወርሃዊ ጥቅል

የክረምት ፍቅርን የሚያናንቁ ሰዎች ቴሌግራም ያልገባቸው ናቸው። ዩኒቨርሲቲ ተዘግቶ ልጁ ኮልፌ፣ ልጅቷ ገርጂ ቤተሰብ ቤት ሲከተቱ፣ ሐምሌም ዶፉን ሲለቅቀው፣ ከብርድ ልብስ ሳይወጡ ከመፋቀር የበለጠ ምን ሥልጣኔ አለ? ጃንጥላ አያስፈልግ፣ ጫማ አይጨቀይ። ድሮ ሽማግሌ ተመላልሶ የሚያመጣውን መልስ ዛሬ ሁለት ራይት ያመጣዋል። አንድ ከሆነ ገና አላነበበችም፤ ሁለት ሆኖ ዝም ካለች እያሰበችበት ነው። (ከሐምሌ አጋማሽ ጀምሮ እያሰበችበት ያለችም አለች።)

መገናኘት? መጀመሪያ ዝናቡ ያባራ እንጂ! ሲያባራ ደግሞ ጭቃው አለ። ጭቃው ሲደርቅ መብራት ይጠፋል፤ ስልክ ሳይሞላ ደግሞ እንዴት ተኩኖ ይወጣል?

ሁሉም ነገር የተሰላ ነበር፤ ጳጉሜን ብቻ ተረሳች። ነሐሴ 1 የተገዛ የ30 ቀን ጥቅል ነሐሴ 30 ያልቃል። ለ5 ቀን ብሎ ሌላ ወርሃዊ መግዛት ደግሞ ትዳር ያሰኛል። እሷ «ብሎክ አደረገኝ»፣ እሱ «ረሳችኝ» ብለው ተለያዩ።

በእንቁጣጣሽ ማግስት ሜክሲኮ ላይ አንድ ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠው ሂሳብ ተቀባበሉ። የሁለቱም ፎቶ በፊልተር የተነሣ ስለነበር አልተዋወቁም። እሱ እንዲያውም «እህት፣ ትንሽ ጠጋ በይልኝ» ብሏታል።