«አልቋል» ለሚሉን

ሰኔ ነው። ከጭላሎ ተራራ ግርጌ መሬቱ ታርሶ፣ ተለስልሶ ዘር ይጠብቃል። ገበሬው አህያውን እየነዳ የኅብረት ሥራ ማህበሩ መጋዘን በር ላይ ሲደርስ የሚቀበለው አንድ ቃል ነው። እኛም መልስ አለን።

«ማዳበሪያ አልቋል፣ አባባ።»
ማለቁን ዛሬ አወቅኸው፣ ልጄ? ቁልፉ ኪስህ፣ መዝገቡ እጅህ ላይ ነው። ሲጋመስ ብትነግረን ያለውን አብቃቅተን እንካፈል ነበር። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!

«መርከቡ ጅቡቲ ዘገየ።»
መርከብ ይዘገያል፤ ሰኔ ግን ዘግይቶ አያውቅም። ግዢውን ቀደም አድርጉት!

«ታገሡ፣ በሐምሌ ይገባል።»
ዩሪያ ከሆነ ቡቃያው ላይ እንጨምረዋለን። ኤንፒኤስ ግን ከዘሩ ጋር የሚገባ ነው። በውስጡ ያለው ፎስፈረስ ካረፈበት ብዙም አይንቀሳቀስም፤ ስንዴው ከበቀለ በኋላ ከላይ ቢበትኑት ሥሩ ጋ በቀላሉ አይደርስም። ታገሡ የምትሉት እኛን ነው ወይስ ዘሩን?

«አባቶቻችሁ ያለ ማዳበሪያ ዘርተው የለ?»
አባቶቻችን መሬት ያሳርፉ ነበር። ዛሬ ለልጅ ተከፋፍሎ ካለቀ ማሳ ላይ የቱን እናሳርፍ? ማዳበሪያውንስ ማን አስለመደን? በ1960ዎቹ መግቢያ በስዊድን እርዳታ እዚሁ አሰላ የተቋቋመው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት፣ ካዱ፣ አይደለም እንዴ፣ ምርጥ ዘርና ማዳበሪያ በብድር ይዞ የመጣልን? የቁሉምሳ ምርምር ማዕከል የሚያወጣው የስንዴ ዝርያም ምርት የሚሰጠው ማዳበሪያ በልቶ ነው።

«ጎዴ ላይ ፋብሪካ ሊሠራ ነው እኮ!»
እሰየው! በነሐሴ 2017 ዓ.ም. ከዳንጎቴ ኩባንያ ጋር የተፈረመው ውል በዓመት እስከ 3 ሚሊዮን ቶን ለማምረት ነው፤ ደስ ብሎናል። ግን እሱ ዩሪያ ነው፤ ኤንፒኤሱስ? ፋብሪካው እስኪያመርትስ ስንት ሰኔ ያልፋል?

«እንግዲያው ከነጋዴ ግዙ።»
አሁን ተያዝህ! ማህበሩ ጋ ያለቀ ነጋዴው ጋ እንዴት ተረፈ? በስማችን የመጣው ኩንታል በየትኛው በር ወጣ?

«ታዲያ ምን ይደረግ ትላላችሁ?»
ስንት ኩንታል ገባ፣ ለማን ተሰጠ፣ ስንት ቀረ፤ በየገበያው ቀን መጋዘኑ በር ላይ ይለጠፍ። ማንበብ የማይችል ልጁ ያነብለታል። ቁጥሩን እያየን ካለቀ አንጣላም፤ ሳናይ ያለቀውን ግን እንጠይቃለን።