ሚዛን የሌለበት ቡና አይጠጣ!

እስከ ዛሬ ቡና ጠጣን ማለታችን ድፍረት ነው። ዕድሜ ለአዲስ አበባ ዘመናይ ካፌዎች፣ የአንድ አካባቢ ቡና እንደ ባሕርዩ መንገድ ተመርጦለት እንደሚቀዳ ገና አሁን ተማርን። ለይርጋጨፌ ቪ60 ይታዘዛል፤ በ60 ዲግሪ የሾለ የጃፓን ማጥለያ ነው። ጥርት ያለ ለሚወድ ኬሜክስ አለ፤ ጀርመናዊው ኬሚስት ፒተር ሽሉምቦም እ.ኤ.አ. በ1941 የፈለሰፈው የመስታወት ዕቃ። ኤሮፕሬስ የተባለው ማፍያ ደግሞ የሚወረወር የፕላስቲክ ቀለበት በመሥራት የታወቁ ሰው ግኝት ነው። ጀበና ዝርዝሩ ውስጥ የለችም። ምን ቆርጧት ትገባለች? ቴርሞሜትር የላት፣ ሰዓት የላት!

ሥርዓቱን ልብ በሉ። ባለሙያው 15 ግራም ቡና ይመዝናል። የማጥለያውን ወረቀት በሙቅ ውኃ አጥቦ ውኃውን ይደፋል። አንገተ ቀጭኑን ማንቆርቆሪያ አንሥቶ ጠብ ጠብ ያደርግና ቀጥ ብሎ ይቆማል። 30 ሴኮንድ! ዱቄቱ ጋዙን እያስወጣ ነው። እኛም ትንፋሻችንን እንውጣለን። ወሬ የጀመረ፣ ቅዳሴ ያቋረጠ ይመስል ይገላመጣል። ሲቀዳልን «ጃስሚን አልሸተታችሁም?» እንባላለን። ማን ደፍሮ አልሸተተኝም ይላል? ከቡናው ጋር የቀረበልን ካርድ ላይ ተጽፏል እኮ። እናቶቻችን ምጣዱን ይዘው ወደ እንግዳ የሚያራግቡት ግን ያው ጢስ ነው፤ ካርድ የለውማ።

አቦል፣ ቶና፣ በረካ እያሉ አንዱን ቡና ሦስት ጊዜ ማፍላቱማ ወንጀል ነው። «ጣዕሙ ከልክ በላይ ወጣ» ይላል ባለሙያው፣ ፊቱን አጨማዶ። ጨው ጣል እንደሚደረግበት አትንገሩት፤ ልጁ ይታመምብናል።

የረሳው ነገር ቢኖር አንድ ነው። በዚህ አገር ለውጭ ገበያ የተለየ ቡና አገር ውስጥ መሸጥ በሕግ ተከልክሎ ኖሯል። ከተማው ገበያ የሚደርሰው በአብዛኛው ለደረጃ ያልበቃው፣ ቅምሻ ላይ የወደቀው ነበር። ከዚያ ውድቅ ውስጥ ነቀዝ የበላውን ለቅመው፣ ጠጠሩን አውጥተው፣ አጥበው፣ እሳቱን በዓይን፣ አቆላሉን በጆሮ ለክተው አንጀት የሚያርስ ቡና ላወጡ ሴቶች ባለሙያ የሚል ማዕረግ የሰጠ የለም። ማዕረጉ የተሰጠው አንደኛ ደረጃ ፍሬ ተመርጦ ለቀረበለት፣ ወፍጮው በኤሌክትሪክ ለሚዞርለት፣ አንድ ሲኒ ለማውጣት ሦስት ደቂቃ ለሚጨነቀው ጎረምሳ ነው።

እስቲ ሚዛኑን ንጠቁትና ግማሽ ኪሎ ውድቅ ቡና ስጡት፤ መብራቱም ይጥፋ። ያን ጊዜ የሚመርጠውን መንገድ ልይለት።