ጳጉሜ፣ አያትና የተቃጠለው ዲስክ

ጳጉሜ ሲገባ እቅድ የማያወጣ ሰው አላውቅም። አምስት ቀን ናት፤ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት ትሆናለች። ደሞዝተኛው ደሞዝ አይታሰብለትም፣ ክረምቱም ገና ጓዙን ጠቅልሎ አልወጣም። ሰው አሮጌውን ዓመት አገላብጦ የሚያየውና ለአዲሱ የሚያስበው በእነዚህ ቀናት ነው። እኛም የዓመቱን ሥራ ቅደም ተከተል የምናስይዘው በጳጉሜ ነው።

እኛ ስል የተመዘገበ ድርጅት ማለቴ አይደለም። ከመካከላችን ተማሪ አለ፣ የባንክ ሠራተኛ አለ፣ በሒሳብ ሥራ ኖረው ጡረታ የወጡ ጋሼ አሉ። የሚያገናኘን አንድ ምኞት ነው፦ ኮምፒውተር ሲከፈት ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ በአማርኛ እንዲያነጋግረን። የምንሠራው ዴቢያን በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ነው። ዴቢያንን ኢያን መርዶክ በ1993 እ.ኤ.አ. ጀመረው፤ ዛሬም ባለቤት ኩባንያ የለውም፣ በዓለም ዙሪያ ያሉ በጎ ፈቃደኞች ናቸው የሚሠሩት። ብዙ ሰው የሚያውቀው ኡቡንቱ ከዴቢያን ላይ የተሠራ ነው። ማንም ሰው ያለ ክፍያ ይጭነዋል፣ ውስጡን ከፍቶ ያያል፣ ያሻሽለዋል፣ ለጎረቤቱም ይሰጠዋል። የዚህ ሐሳብ አባት ሪቻርድ ስቶልማን ነው። ጂ.ኤን.ዩ የተባለውን ፕሮጀክት ለዓለም ያስታወቀው በሴፕቴምበር 27 ቀን 1983 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ በእኛ አቆጣጠር መስከረም 16 ቀን 1976 ዓ.ም.፣ የደመራ ዕለት ነበር። ይህን ያወቅሁ ቀን ደስ ብሎኝ ለስንቱ ሰው እንዳወራሁት!

ስብሰባው ለቅዳሜ ጳጉሜ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ተጠራ። ቦታው አያት ኮንዶሚኒየም፣ የአንዱ ጓደኛችን እናት ቤት፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። መገናኛ ስደርስ ዝናቡ ይወርዳል፣ የታክሲ ሰልፉ ተጠማዞ አስፋልቱ ድረስ ወጥቷል። ረዳቶቹ «አያት ጣፎ! አያት ጣፎ!» ይላሉ፤ መኪናው ግን ሳይቆም ይሞላል። እንደምንም ገብቼ ሲኤምሲን አልፈን አያት ስንደርስ ዝናቡ ጋብ አለ። ቀላል ባቡሩ መንገዱን የሚጨርሰው እዚህ ነው። ከሐዲዱ ማዶ ቀና ሲሉ የየካና የእንጦጦ ኮረብታዎች ግማሽ ወገባቸው ጉም ለብሶ ይታያል፤ ነፋሱም ከመሀል ከተማው ይልቅ ይቀዘቅዛል።

አያት የተመረጠችው ሰርቨራችን እዚያ ስላለ ነው። ሰርቨር ያልነው ከአንድ መሥሪያ ቤት በጨረታ የወጣ አሮጌ ዴስክቶፕ ነው። ከሶፋው ጎን ይቀመጣል፣ እትዬ በላዩ ነጭ ዳንቴል አንጥፈውበታል። በውስጡ ተርጉመን፣ ግን ገና እርስ በርስ ተራርመን ያልጨረስናቸው ፋይሎች ነበሩ። ከጎኑ ትርፍ ኮፒ የሚይዝ ውጫዊ ዲስክ አለ። ሁለቱም የተሰኩት አንድ ዲቫይደር ላይ ነው።

ቡናው ቀርቦ፣ ቆሎው ዞሮ ክርክሩ ተጀመረ። ወጣቶቹ ያሰቡት ትልቅ ነገር ነው፦ የራሳችን ኦፐሬቲንግ ሲስተም ይኑረን። ስም ይውጣለት፣ አርማ ይሠራለት፣ ሲከፈት የሰሜን ተራሮች ከነዋልያው ይታዩበት። ትርጉሙንም ለእሱ እናቆየው። «ሰው የራሱን ስም ያየበትን ነገር ይወዳል፤ ያኔ ተጠቃሚውም አጋዡም ይበዛል» አለች ተማሪዋ። ንግግሯ ውስጥ ያለው ቁጭት የሁላችንም ነው፤ ማናችንም ልናጣጥለው አልፈለግንም።

ጋሼ ሲኒያቸውን አስቀመጡና «ልጆቼ፣ ስም ማውጣትስ ቀላል ነው፤ ክርስትናው ካለፈ በኋላ ማን ያሳድገዋል?» አሉ።

ጥያቄያቸው ከባድ ነው። ዴቢያን 13 ነሐሴ 3 ቀን 2017 ዓ.ም. የወጣው ከ69 ሺህ በላይ ፓኬጆችን፣ ማለትም የፕሮግራም ጥቅሎችን፣ ይዞ ነው። የጸጥታ ክፍተት በተገኘ ቁጥር አንድ ሰው ያንን ፓኬጅ መጠገን፣ መፈተሽና ለተጠቃሚው ማድረስ አለበት። ዌብ ብሮውዘሩ ብቻ በየጥቂት ሳምንቱ ይታደሳል። የራሴ ብሎ ስም ያወጣ ቡድን ይህን ሸክም አብሮ ይረከባል። ባይሸከመው የሚጎዳው ስማችንን አምኖ የጫነው የሰፈር ፀሐፊና ተማሪ ነው።

ክርክሩ ሳያልቅ መብራት ሄደ። ሰርቨሩ አዳዲሶቹን ፋይሎች ወደ ውጫዊው ዲስክ እየገለበጠ ነበር። ደንበኛ ጨለማ ሆነ፤ በሞባይል መብራት መወያየታችንን ቀጠልን። የባንኩ ሠራተኛ የትርጉም ፋይሎችን ነገር ያብራራልን የነበረው በዚህ ጊዜ ነው። በአንድ ፋይል ውስጥ እያንዳንዱ የእንግሊዝኛ ዐረፍተ ነገር ከሥሩ አማርኛው ይጻፍለታል። የፕሮግራሙ ሠሪዎች እንግሊዝኛውን በትንሹም ቢሆን ከለወጡት፣ ከሥሩ ያለው አማርኛ «ፈዚ» የሚል ምልክት ይደረግበታል። ምልክቱ እስኪነሳ ተጠቃሚው የሚያየው እንግሊዝኛውን ነው። ማንም ሳያጠፋው፣ ጠባቂ በማጣት ብቻ አማርኛው ከስክሪኑ ላይ በየዓመቱ ይሳሳል። ይህን ስሰማ ሆዴ ተንሰፈሰፈ፤ ብዙ ሰው የደከመበት ሥራ እንዲህ ድምፅ ሳያሰማ ሲወጣ ያሳዝናል።

መብራቱ ሲመለስ በኃይል መጣ። አምፖሉ ነጭ ሆኖ ቦግ አለ፣ የፍሪጁ ስታቢላይዘር ቀጭ ቀጭ አለ፣ ከዳንቴሉ ሥር «ጧ!» የሚል ድምፅ ወጣ። እትዬ «በስመ አብ! ንቀሉት! ሶኬቱን ንቀሉት!» እያሉ ከኩሽና ሮጡ። ልጃቸው ዲቫይደሩን ነቀለ። ከፓወር ሰፕላዩ ቀዳዳዎች ቀጭን ጭስ ወጥቶ ዳንቴሉን ዞረው፤ ክፍሉን የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ ሞላው። ውጫዊው ዲስክም ትንሿ መብራቱ ጠፍታለች።

ሰኞ፣ የሩፋኤል ዕለት፣ የሰርቨሩንም ውጫዊውንም ዲስክ በፌስታል ይዘን መገናኛ ካሉት ጥገና ቤቶች ወደ አንዱ ሄድን። ከቤት ስንወጣ የአያት ልጆች ራቁታቸውን በሩፋኤል ዝናብ ውስጥ እየጨፈሩ ነበር። ጠጋኙ ወጣት የአንዱን ዲስክ ቦርድ በትንሽ መፍቻ ፈትቶ በማጉያው አየውና አሳየን፦ ከሩዝ ፍሬ የማይበልጥ ጥቁር ነጥብ፣ ዙሪያው ቡናማ። «ዳታው ውስጡ ሊኖር ይችላል፤ ግን ልክ እንደዚህ ያለ ቦርድ ከሌላ ዲስክ መገኘት አለበት፣ ትንሿ ቺፕም ከዚህ ተነቅላ እዚያ ትበየዳለች» አለን። በትሕትናና በጥንቃቄ ነው የነገረን። የሚመስለው ቦርድ አልተገኘም። የወራት ትርጉም፣ የኪቦርድ ማስታወሻችንና ለጀማሪዎች ያዘጋጀነው መመሪያ እዚያው ቀረ።

በዚያው ማታ አያት ተመልሰን በተማሪዋ ላፕቶፕ አንድ ሙከራ አደረግን። ቀደም ባሉት ዓመታት ተራርመን ለዴቢያን የላክነውን ሁሉ ከእናት ፕሮጀክቱ ማከማቻ አወረድነው። እያንዳንዱ መስመር፣ ማን መቼ እንዳረመው ጭምር፣ በቦታው ነበር። ለራሳችን ሲስተም ይሁን ብለን ቤት ያቆየነው ጠፋ፤ ለሁሉም የሰጠነው ተረፈ። ከዚያ በኋላ ማንም ስለ አርማ አላነሳም።

የሌሎችንም የድሮ ፋይሎች ማገላበጥ ጀመርን። በጂኖም ዴስክቶፕ የአማርኛ ፋይሎች አናት ላይ የግዕዝ ፍሮንቲየር ፋውንዴሽን ስምና 2002 እ.ኤ.አ. የሚል ዓመት ይገኛል። የፋውንዴሽኑ ሰው የዳንኤል ያዕቆብና የባልደረቦቹ ድካም ነው። ዴቢያን የተሠራበት ሊኑክስ የየአገሩን ቋንቋ፣ ቀንና ገንዘብ የሚያውቅበት የአማርኛ ፋይልም ከእነሱ እጅ የወጣ ነው። ትግርኛ፣ ኦሮምኛ፣ ሲዳምኛ፣ ወላይትኛ፣ አፋርኛ፣ ሶማሊኛም በዚያው ማከማቻ የየራሳቸው ፋይል አላቸው። ግዕዝማ በሀለሐመ ብቻ ሳይሆን በአበገደ ተራ የሚደረደርበት ሁለተኛ ፋይል ጭምር አለው። አንድ ሰው ለቋንቋው እስከዚህ ድረስ ሲያስብ ማየት ያበረታል። ይህ ሥራ ከሃያ ዓመት በላይ የኖረው ሊኑክስ በተጫነበት ማሽን ሁሉ ከሚዞረው ከዋናው ግንድ ጋር ስለተያያዘ ነው።

እቅዱን እንደገና የጻፍነው ከዚህ ተነስተን ነው።

መጀመሪያ ማደስ። የዴቢያን ግራፊክ መጫኛ ሲከፈት በቋንቋዎቹ ዝርዝር ውስጥ አማርኛ በአልባኒያኛና በዐረብኛ መካከል ይገኛል። ያንን መርጦ የሚገባ ሰው መሀል ላይ እንግሊዝኛ እንዳያጋጥመው «ፈዚ» የሆኑት መስመሮች በሙሉ ይታያሉ። ቀጥሎ ጂኖም። እሱ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በማርችና በሴፕቴምበር ይወጣል፤ ከመውጣቱ በፊት ጽሑፉ ተቆልፎ ተርጓሚዎች ጊዜ ይሰጣቸዋል። ስለዚህ የእኛ የዘመቻ ወራት ጥርና የካቲት፣ ከዚያም ሐምሌና ነሐሴ ናቸው። ከዚህ ውጪ ያለው ጊዜ ለመተራረም ይሁን አልን።

ሁለተኛ መጻፍ። ፊደላችን ዩኒኮድ ወደተባለው የዓለም ፊደላት የጋራ ሥርዓት የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው፤ በቅጽ 3.0፣ በ345 ምልክቶች። በ2021 እ.ኤ.አ. ደግሞ ለጉራጌ ቋንቋዎች የሚያስፈልጉ ፊደላት ተጨመሩ። በላቲን ኪቦርድ ተነባቢና አናባቢ እየነኩ አማርኛ የሚጻፍበትን ሴራ የተባለ ሥርዓት ይትና ፍርድይወቅና ዳንኤል ያዕቆብ ቀርጸውታል፤ ዛሬ በሊኑክስ ውስጥ ተዘጋጅቶ ይገኛል። የጎደለው ተጠቃሚው በቀላሉ የሚያገኝበት መንገድ ነው። በየጽሕፈት ቤቱ ደግሞ ከዩኒኮድ በፊት በፓወር ግዕዝና በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፉ ውሎችና ማመልከቻዎች ሞልተዋል። ያ ፎንት በሌለበት ማሽን ሲከፈቱ የማይነበብ የምልክት ክምር ይሆናሉ። ያንን ወደ ዩኒኮድ የሚገለብጥ፣ ፀሐፊ በአንድ ጠቅታ የምትጠቀምበት መሣሪያ እናዘጋጃለን።

ሦስተኛ ዘመን አቆጣጠር። ዛሬ አማርኛ የመረጠ ሰው የስክሪኑ ጥግ ላይ የሚያየው «ሴፕቴምበር»ን በግዕዝ ፊደል ነው። የሊኑክስ የቋንቋ ፋይል ለወራት ያለው ቦታ አሥራ ሁለት ብቻ ስለሆነ ጳጉሜ መግቢያ የላትም። አይ.ሲ.ዩ የተባለው ነፃ የፕሮግራም ስብስብ ግን የኢትዮጵያን አቆጣጠር ከነአሥራ ሦስት ወሩ ያውቃል። የዴስክቶፑ ሰዓት ከእሱ እንዲያነብ ማድረግ ይቻላል፤ ጥያቄውንና ኮዱን ለጂኖም እናቀርባለን።

ስለ ጊዜ ካነሳሁ አይቀር አንድ ልጨምር። የቆዩ ባለ 32 ቢት ሲስተሞች ጊዜን የሚቆጥሩት ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ዓ.ም. ጀምሮ በሰከንድ ነው። ቁጥሩ ሞልቶ የሚያበቃው በጃንዋሪ 19 ቀን 2038 እ.ኤ.አ. ሲሆን፣ ለእኛ ጥር 11 ቀን 2030 ዓ.ም.፣ የጥምቀት ማለዳ፣ ከ12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ ነው። ዴቢያን 13 ለዚህ ከወዲሁ ተዘጋጅቶ ወጥቷል፤ ከዝግጅቱ የቀረው አሮጌው የኢንቴል 32 ቢት ብቻ ነው፣ ለእሱም መጫኛ መሥራት ቆሟል።

አራተኛው ሥራ የሚመጣው ከዚህ ነው፦ አሮጌ ኮምፒውተሮች። የዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አበቃ፤ ብዙ ደህና ማሽኖች ደግሞ የዊንዶውስ 11ን መስፈርት አያሟሉም። በየትምህርት ቤቱና በየቢሮው ያሉትን እየፈተሹ 64 ቢት የሆኑትን መለየት ይቻላል። 32 ቢት ዊንዶውስ ስለተጫነባቸው ብቻ የተናቁ፣ ውስጣቸው ግን 64 ቢት የሆኑ ማሽኖች ብዙ ናቸው። በአያትና በየካ ዙሪያ ካሉ ትምህርት ቤቶች እንጀምራለን።

ጋሼ ዝርዝሩን ጮክ ብለው አነበቡት። ከዚያ በእጃቸው ጽሑፍ አንድ መስመር ከሁሉም በላይ ጨመሩ፦ ማንም የሠራውን ሳይልክ አያድርም። ስህተት ቢኖርበትም ይላክ፤ እናት ፕሮጀክቱ ውስጥ አራሚ አይጠፋም። ተማሪዋ እሺ አለች፤ የሰሜን ተራሮችንም ሥዕል ለዴቢያን ቀጣይ ዕትም የገጽታ ውድድር ልታቀርበው ወሰነች። እዚያ ከተመረጠ በዓለም ሁሉ ስክሪን ላይ ይታያል።

ይህን የምጽፈው አጋዥ ፍለጋ ነው። ኮድ መጻፍ የግድ አይደለም። አማርኛውን አጥርቶ የሚጽፍ አስተማሪ፣ የድሮ ውሎችን የምታውቅ ፀሐፊ፣ የትምህርት ቤቱን ላቦራቶሪ ቁልፍ የያዘ ሠራተኛ፣ ሁሉም ቦታ አላቸው። ዴቢያን፣ ጂኖምና የቢሮ ፕሮግራሙ ሊብሬ ኦፊስ የአማርኛ ተርጓሚ ለመቀበል በራቸው ክፍት ነው። ከእኛ ጋር መሥራት ባትፈልጉ እንኳ በቀጥታ ወደ እነሱ ሂዱ፤ የሠራችሁትንም በሠራችሁበት ቀን ላኩ።